እሳቱ ጠፍቶ ሙቀቱ ያልጠፋበት ሌሊት

የወንዛዬ ልጆች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬዬ ስለ ርብና ጉማራ ወንዞች አይደለም፤ ውኃ ግን አለበት። ጢስ ስለሌለው፣ ካጠፉትም በኋላ መሞቁን ስለማይተው እሳት ላወራችሁ ነው።

ለምን ዛሬ ትሉኝ ይሆናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ከቀጣዮቹ ትልልቅ ሥራዎች መካከል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ስሙ ተጠራ። ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 2018፣ ሞስኮ ላይ ሮሳቶም ከተባለው የሩሲያ ድርጅት ጋር የትብብር ሰነድ ተፈረመ። እንግዲህ ነገሩ ወደ ቤታችን እየመጣ ከሆነ፣ ከደጃፍ ሳይደርስ ባሕርዩን ማወቅ ይገባናል። እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግራችሁ ስለ ነዳጁ ነው።

ነዳጁ ዩራኒየም ነው። ዱቄቱ ተጨምቆ እንክብል ይሆናል፤ ከዚያ 1,700 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ይተኮሳል። የእንክብሏ ቁመትም ውፍረትም አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እነዚህ እንክብሎች አንዱ ባንዱ ላይ እየተደረደሩ አራት ሜትር ገደማ በሚረዝም የዚርኮኒየም ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፤ የቱቦው ሁለት ጫፍም ይበየዳል። የቱቦው ግድግዳ ውፍረት ስንት መሰላችሁ? አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። በነዳጁ ውስጥ ያለውን ጨረር አመንጪ መርዝ ሁሉ ከውኃው የሚለየው የመጀመሪያው አጥር ይኸው ነው።

ቱቦዎቹ የሚቆሙበት ማብላያ (ሪአክተር) ሥራ ላይ ሳለ የእንክብሏ መሐል ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ጠርዟ ግን፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛል። ይህን ልዩነት የትኛውም ሸክላ አይችለውም፤ እንክብሏ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትሰነጠቃለች። እየዋለች ስታድር ታብጣለች፤ ዜኖንና ክሪፕቶን የተባሉ ጋዞችም ከውስጧ እየወጡ ቱቦውን ከውስጥ ይገፉታል። ከውጭ ደግሞ 300 ዲግሪ የደረሰ፣ እንዳይፈላ በከባድ ግፊት የታፈነ ውኃ ይጫነዋል። ቱቦው በሁለቱ መካከል ዓመታትን ይቆያል። ውኃው እስካለ ድረስ ይችላል።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልውሰዳችሁ።

በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ፣ ከሳስኩዌሃና ወንዝ መሐል ስሪ ማይል አይላንድ የምትባል ደሴት አለች። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። የደሴቲቱ ኒውክሌር ጣቢያ ሁለተኛ ማብላያ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወሩ ነው። ሆዱ ውስጥ 36,816 የነዳጅ ቱቦዎች ቆመዋል። ድንገት ለእንፋሎት ማመንጫው ውኃ የሚያቀብሉት ፓምፖች ቀጥ አሉ። ግፊቱ ጨመረ። ግፊት ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ። በስምንተኛው ሰከንድ መቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወረዱ፤ እሳቱ ጠፋ። ሁሉም እንደ ደንቡ ነው።

ታዲያ እሳቱ ከጠፋ ምን ቀረ? አለ እንጂ! እርጥበቱ ሳይወጣ የተከመረ ሩዝ ውስጥ እጃችሁን ሰዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ክብሪት የጫረበት ሳይኖር ከውስጥ ይፋጃል። የዩራኒየሙ አተም ሲሰነጠቅ የሚቀሩት ስባሪዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ማብላያው ከቆመ በኋላ ራሳቸው እየፈረሱ ይሞቃሉ። በቆመበት ቅጽበት ከሙሉ ኃይሉ ስድስት በመቶ ያህል ይቀራል። በዚያ ማብላያ ይህ ከ160 ሜጋ ዋት በላይ ሙቀት ነበር። የእኛው ጣና በለስ ሁሉም ተርባይኖቹ ሲዞሩ 460 ሜጋ ዋት ነው፤ እንግዲህ ከዚያ ከሲሶ የሚበልጠው፣ «ጠፍቷል» በተባለ እሳት ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው። ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ይሄዳል፤ እስኪበርድ ግን ውኃ ሊለየው አይገባም።

ያ የተከፈተው ቫልቭ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ግን መብራቱ ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ተዘጋ ብለው አመኑ። መብራቱ የሚያሳየው «ዝጋ» የሚል ትእዛዝ መተላለፉን ብቻ ነበር፤ ቫልቩ ራሱ የት እንዳለ አያሳይም። ውኃው በዚያ ቀዳዳ ይወጣ ጀመር። የአደጋ ጊዜ ውኃ መጨመሪያው በራሱ ተነሥቶ ይረዳ ነበር፤ ነገር ግን አንዱ መለኪያ ጋኑ ሞልቷል ስላለ ሰዎቹ ራሳቸው ቀነሱት። እነሱን መኮነን ይቀላል፤ እኔ ግን አልኮንናቸውም። መቶ ማንቂያ በአንድ ጊዜ እየጮኸ፣ ያመኑት መለኪያ እያሳታቸው፣ በተማሩት መሠረት ነው የሠሩት።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ41 ውኃውን በነዳጁ መካከል የሚያዞሩትን የመጨረሻዎቹን ትልልቅ ፓምፖችም አጠፏቸው። ከዚያ ወዲህ የነዳጁ አናት ከውኃ መውጣት ጀመረ።

በዚያ እንፋሎት ውስጥ ቱቦዎቹ ምን እንደሆኑ ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። 800 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ብረቱ ይለሰልሳል፤ የታፈነው ጋዝ ከውስጥ ይነፋዋል፤ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ያበጡት እርስ በርስ እየተነካኩ ውኃ የሚያልፍበትን መንገድ ያጠቡታል። ከ1,200 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ዚርኮኒየሙ ከእንፋሎቱ ጋር በፍጥነት ይዋሃዳል፤ ኦክስጅኑን ይነጥቀዋል፣ ሃይድሮጂን ይለቃል፣ ከዚህም በላይ የራሱን ሙቀት ይጨምራል። ያድን የነበረው ቱቦ ራሱ ነዳጅ ሆነ! ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። አሜሪካኖቹ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ከዚያ ሌሊት አምስት ዓመት ቀደም ብለው በሕጋቸው፣ አደጋ ሲደርስ ቱቦው ከ1,200 ዲግሪ ገደማ እንዳያልፍ፣ ከውፍረቱም ከ17 በመቶ በላይ እንዳይዋሃድ ወስነው ነበር።

ከጧቱ 12 ሰዓት ከ22 አንድ ሰው ቫልቩ ክፍት ሊሆን ይችላል ብሎ ከበስተኋላው ያለውን መዝጊያ አስዘጋ። ዘግይቷል። ከነዳጁ ግማሽ ያህሉ ቀለጠ፤ ወደ 20 ቶን የሚሆነው ወደ ጋኑ ወለል ፈሰሰ። ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የተጠራቀመው ሃይድሮጂን በኮንክሪቱ ሕንፃ ውስጥ ነደደ። የብረት ጋኑም ኮንክሪቱም ግን ቻሉ፤ በዚያ ቀን የሞተ ሰው የለም። የነዳጁ አናት ባዶ ዋሻ መሆኑ የታየው እንኳ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ካሜራ በጠባብ ቀዳዳ ሲወርድ ነው።

የጃፓኑ ፉኩሺማ ላይ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ምድር ስትናወጥ ማብላያዎቹ በደንቡ ቆሙ፤ ጄኔሬተሮቹም ተነሡ። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ባሕሩ መጣና ምድር ቤት ያሉትን ጄኔሬተሮች ዋጠ። ጎርፍ ሲመጣ እህሉን ቆጥ ላይ የሚያወጣው የፎገራ ሰው ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልገውም። ፓምፕ ቆመ፤ ሦስት ማብላያዎች ቀለጡ፤ ያው ሃይድሮጂን ሕንፃዎቹን አፈነዳ። እዚያ 880 ቶን ያህል የቀለጠ ፍርስራሽ እንዳለ ይገመታል፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ናሙና ግን አንድ ግራም አልሞላም።

ይህን ያወራኋችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። መብራት እንፈልጋለን፤ ልጆቻችን በኩራዝ ማጥናት የለባቸውም። ከእነዚያ አደጋዎች ወዲህም ብዙ ተሠርቷል፦ ዚርኮኒየሙን በክሮሚየም የሚሸፍኑ አሉ፤ ሮሳቶም ለግብፅ ኤል ዳባ ላይ የሚሠራው ዓይነት ማብላያ ደግሞ ከሥሩ የቀለጠ ነዳጅ መያዣ ጋን አለው፣ ኤሌክትሪክ ቢጠፋም ሙቀት የሚያስወጣ መንገድ አለው። ሆኖም በዚያኛውም አንዱ ማብላያ ብቻ ከ50,000 የሚበልጡ ቱቦዎች ይኖሩታል፤ ግድግዳቸው ዛሬም ከሚሊ ሜትር በታች ነው።

ስለዚህ የዕቅዱ ባለቤቶች ወደ ሕዝብ ሲመጡ ስለ ሜጋ ዋቱ ብቻ ሰምተን አንነሣ። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ መጠየቅ ለእኛ ብርቅ አይደለም። በድርቅ ዓመት የማቀዝቀዣው ውኃ ከየት ይመጣል? የኤሌክትሪክ መስመሩ ሲቋረጥ ማብላያው ያለ ሰው እጅ ስንት ቀን ይቆያል? ጄኔሬተሩ የቆመው ጎርፍ ከማይደርስበት ነው? ያገለገለው ነዳጅ ከማቀዝቀዣ ገንዳው ወጥቶ የት ያርፋል? ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትስ፣ አለቃው ማን ይሆናል፤ ጣቢያውን «ቁም» ብሎ ሲያዝ ትእዛዙን የሚሽርበት ሰው አለ ወይስ የለም?