መልሱን ካገኘ በኋላ የሚያስብ ማሽን

የሒሳብ አስተማሪያችን መልሱ ትክክል ሆኖ አሠራሩ ካልተጻፈ ግማሽ ማርክ ይቀንሱ ነበር። “በየት በኩል መጣህ?” ይሉኛል። ያኔ እንደ ግፍ ነበር የቆጠርኩት። ፍርዴን የከለስኩት ዛሬ በሠላሳዎቹ ዕድሜዬ፣ ያው ትእዛዝ ለማሽን ሲሰጥ አይቼ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ጄሰን ዌይና የጉግል ባልደረቦቹ ባወጡት ጽሑፍ፣ ግዙፍ የቋንቋ ሞዴል መሐል ያሉትን እርምጃዎች እየጻፈ እንዲሄድ በጥቂት ምሳሌዎች ቢመራ ሒሳብ ላይ እጅግ እንደሚሻሻል አሳዩ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ታኬሺ ኮጂማና ጓደኞቹ ምሳሌውንም ተዉት፤ ደረጃ በደረጃ እንዲያስብ የምትጠይቅ አንዲት ሐረግ ብቻ ጨመሩ። መልቲአሪዝ በተባለው የሒሳብ ፈተና ውጤቱ ከ17.7 በመቶ ወደ 78.7 በመቶ ዘለለ። አንዲት ሐረግ!

ምሥጢሩ ያን ያህል ረቂቅ አይደለም። ሞዴሉ የሚጽፈው ቶከን በሚባል ቁራሽ ነው። ቁራሽ በጨመረ ቁጥር ስሌትም ይጨምራል፤ የጻፈውንም መልሶ ስለሚያነበው ወረቀቱ ማስታወሻ ይሆነዋል። ታዲያ እያንዳንዱ ቁራሽ ዋጋ አለው። ኦፕንኤአይ በሴፕቴምበር 2024 ኦ1ን፣ የቻይናው ዲፕሲክም በጃንዋሪ 2025 አር1ን ሲያወጡ ረጅም ማሰላሰል የሥልጠናው አካል ሆነ። ጣጣውም አብሮ መጣ።

ጣጣውን በዓይኔ አይቻለሁ። የእቁብ ጸሐፊ የሆኑት አክስቴ “ሙሉ እጣ ያላቸው 14፣ ግማሽ ያላቸው 9 ናቸው። ሙሉው 2,000 ብር ከሆነ ስንት ይሰበሰባል? እስቲ ያን ማሽንህን ጠይቀው” አሉኝ። ማሽኑ ወዲያው 37,000 አለ። መቼም እዚህ ላይ ያቆማል ትላላችሁ። የለም! “ቆይ፣ ልፈትሸው” ብሎ እንደገና ደመረ፤ ቀጥሎ ግማሽ እጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይጠራጠር ጀመር። አክስቴ “እሱ አስቦ እስኪጨርስ እቁቡ ይወጣል” ብለው ወደ ቡናቸው ዞሩ።

መድኃኒት ፈላጊዎች አልጠፉም። አንዳንዶቹ በሥልጠና ጊዜ አጭር ሆኖ ትክክል ለሆነ መልስ የበለጠ ነጥብ ይሰጣሉ። ሌሎች ማሰላሰሉን የሆነ ቦታ ላይ በግድ ይቆርጡታል። እኔን የማረከኝ በፌብሩዋሪ 2025 የዙም ተመራማሪዎች ያቀረቡት ነው፤ እያንዳንዱን እርምጃ በጥቂት ቃላት ብቻ፣ ሰው ወረቀት ጥግ ላይ እንደሚጫጭረው አድርጎ መጻፍ። አንዳንድ ፈተና ላይ ከቶከኑ 7.6 በመቶውን ብቻ ተጠቅሞ ትክክለኛነቱ አልቀነሰም። ይሁን እንጂ ከባድ ጥያቄ ላይ ያለ አግባብ መቁረጥ ስሕተት ያመጣል። ከባዱን ከቀላሉ አስቀድሞ መለየት ነው እንግዲህ ቁልፉ፤ እሱ ደግሞ ራሱ ማሰብ ይጠይቃል።

ለእኛ ነገሩ የቅንጦት ወሬ አይደለም። አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የእንግሊዝኛው አንድ። የቁራሽ አቆራረጡም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ ስለሚወጣ የአማርኛ ቃል ብዙ ቦታ ይከታተፋል። አንዱን ሐሳብ በአማርኛ ማሰብ ይወደዳል ማለት ነው።

የአክስቴን ጥያቄ ማሽኑ በአማርኛ እንዲያስብ አድርጌ ደገምኩት። ቅድሚያ የከፈልኳት ገንዘብ መሐል መንገድ ላይ አለቀችና መልስ ሳይሰጠኝ ተቋረጠ። አክስቴ ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ፤ ከቡናው በፊት 37,000 ብለው ጽፈውት ኖሯል። አሠራሩን ግን አልጻፉም።