የተጠራቀመ የመንጃ ፈቃድ ፈተና (አምቦና ምዕራብ ሸዋ)

ፈተና ሲቋረጥ የሚፈጠር የዕጩ አሽከርካሪዎች ወረፋ ነው። ለምሳሌ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ፤ በቀናት ውስጥም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሚያዝያ ላይ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማስፈጸሚያ ደንብ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ፤ ሠልጣኞችን በአንድ ክፍል አስቀምጦ መፈተን ከዚህ ክልከላ ጋር አይጣጣምም ነበር። የንድፈ ሐሳብ ፈተናን ያላለፈ ሠልጣኝ ወደ ተግባር ፈተና ስለማይሻገር፣ የመጀመሪያው ደረጃ ሲቆም የኋለኛውም ይቆማል።

በምዕራብ ሸዋ በኩል ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ጊንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን ያቋርጣል፤ የጭነት መኪናውም የሕዝብ ማመላለሻውም የሚመላለሰው በዚሁ ነው። ብቁ ያልሆነ አሽከርካሪ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ አደጋ ስለሚሆን፣ ወረፋውን ለማቃለል ፈረቃና የፈተና ቀን መጨመር ይገባል፤ የማለፊያ ነጥብን መቀነስ ግን ተገቢ አይደለም።