በምዕራብ ጐጃም የወረርሽኝ ጭንቀትና የወጣቶች የዕለት ስሜት

ወረርሽኝ በአንድ አገር ላይ በወረደ ጊዜ የታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘግቡት የሟቹን ቍጥርና የመንግሥቱን ትእዛዝ ነው። በሕይወት የቀረው ሰው፥ ይልቁንም ወጣቱ፥ ጧት ሲነሣና ማታ ሲተኛ ምን ስሜት እንደተፈራረቀበት የሚናገር መዝገብ ግን እምብዛም አይገኝም። የ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በፍኖተ ሰላም፥ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ያሳደረው ጭንቀት ከአገሩ ልማድ ጋራ ሲመረመር ግን አንድ ነገር ይታያል፤ ይኸውም ወጣቱን የከበደው የሞት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን፥ ልማዱ ለጭንቀት ያዘጋጀው መድኀኒት ራሱ መከልከሉ ነው።

ኢትዮጵያ ለወረርሽኝ እንግዳ አይደለችም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፥ በአገሩ አጠራር የኅዳር በሽታ፥ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚገመት ሰው ፈጅቷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድ ብዙ ጊዜ ከዚያ መከራ ጋራ ተያይዞ ይነገራል። ትዝታው የተጠበቀው እንግዲህ ልጅና ዐዋቂ ከየደጁ ወጥቶ በአንድነት በሚፈጽመው ሥርዐት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነበር። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው በሽተኛ በአገሪቱ መገኘቱ ተገለጠ፤ በ3ኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በወሩ መጨረሻ ገደማ ባሕር ዳር፥ እንጅባራ፥ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንዲዘጉ ታዘዘ። ቲሊሊ በባሕር ዳር መንገድ ከቡሬ ቀጥላ የምትገኝ ናትና፥ ነገሩ ለቡሬ ሰው የሩቅ ወሬ አልነበረም። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ደግሞ እጅ መጨባበጥንና ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ።

የክልከላውን ክብደት ለመረዳት ቋንቋውን መመልከት ይጠቅማል። አማርኛ ተናጋሪ «ከፋኝ»፥ «ጨነቀኝ»፥ «ደበረኝ»፥ «ሆድ ባሰኝ» ይላል፤ በእነዚህ ቃላት ሰውዬው ባለቤት ሳይሆን ተሳቢ ነው፤ ስሜቱ ከውጭ እንደ እንግዳ ይመጣበታል። የሚያስወጣለትም ሌላ ሰው ነው፦ ቡና የጠራ ጐረቤት፥ «አይዞህ» የሚል ዘመድ፥ የጓደኛ ጨዋታ፥ ለቅሶ ደራሽ። ብቻውን የሚቀመጥ ሰው በገጠሩ ዘንድ እንደ ታመመ ይቈጠራል። ዐዋጁ ሥጋን ለማዳን ሰውን ከሰው ሲለይ፥ ወጣቱ ሆድ ሲብሰው የሚሄድበት ደጅ ጠበበው።

ሸክሙ ግን በሁሉ ላይ እኩል አልወደቀም። ከገጠር መጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ፥ ከወላጆቹ ቤት በሚመጣ ስንቅ የሚማረው ተማሪ ወደ ሞፈሩና ወደ ከብቱ ተመለሰ፤ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲሰጥም መሣሪያውም መብራቱም የሌለው ቤት ብዙ ነበር። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ፈተናውን የተቀመጠው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ያ የመጠባበቅ ዘመን ተስፋና መሰልቸት የተፈራረቁበት ነበር። ለልጃገረዶች የትምህርት ቤት መዘጋት ሌላ ሥጋት አመጣ፤ በዚያው ዓመት በአማራ ክልል በመቶ የሚቈጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎች እንዲቋረጡ መደረጉ ተዘግቧል። በዋሸራና በጐንጅ ቅኔ በታወቀው ጐጃም፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ የሚለምነው የአብነት ተማሪም ከሰው ራቅ ማለት ከዕለት ጕርሱ መራቅ ነበር።

ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ቀስ በቀስ ተከፈቱ። ዳሩ ግን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ብዙዎቹን እንደገና ስለ ዘጋ፥ የወረርሽኙ ቍስል ከጦርነቱ ቍስል ተለይቶ አይታይም። ስለዚህ የእነዚህን ወጣቶች ስሜት የሚመረምር ሰው የበሽተኛውን ቍጥር ብቻ ቢይዝ ይሳሳታል፤ ስንት የቡና ስኒ፥ ስንት ለቅሶ፥ ስንት የትምህርት ቤት ጧት እንደ ቀረባቸው መጠየቅ ይገባዋል።