የተሰበረ የፊት መስታወት መቀየር፦ ጣራቸው የሚታጠፍ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ባለንብረቶች ሊያውቁት የሚገባ መረጃ

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ ክፍለ ከተማና በአጎራባች አካባቢዎች የመንገድና የሕንፃ ግንባታ በሚካሄድባቸው መስመሮች ከከባድ መኪና ጎማ ሥር የሚፈናጠር ጠጠር ለፊት መስታወት መሰበር የተለመደ ምክንያት ነው። ባለ ጠንካራ ጣራ አውቶሞቢል ላይ ጉዳቱ ሲደርስ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቅርብ ነው፤ በገበያ ላይ በብዛት ለሚታዩ ሞዴሎች መስታወት ማግኘት አያስቸግርም። ጣራው በሚታጠፍ ትንሽ አውቶሞቢል ላይ ግን ጉዳዩ ከመለዋወጫ ግዢ ያለፈ ነው። መስታወቱ ከመኪናው አካል ጥንካሬ፣ ከጣራው መቆለፊያ፣ በመስታወቱ ላይ ከተለጠፉት ሕጋዊ ምልክቶችና ከመድን ካሳ ጥያቄ ጋር ስለሚያያዝ ባለንብረቱ ሥራውን ከማስጀመሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን ማወቅ ይጠቅመዋል።

የፊት መስታወት ከተራ የመስኮት መስታወት የሚለይበት ምክንያት

አሁን በሚመረቱ አውቶሞቢሎች ላይ የሚገጠመው የፊት መስታወት አንድ ወጥ ብርጭቆ አይደለም። ሁለት ስስ ብርጭቆዎች በመካከላቸው ፖሊቪኒል ቡቲራል በሚባል የሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ ተጣብቀው የሚሠራ ድርብ መስታወት ነው። ሐሳቡ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1903 ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ አንድ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ዕቃ ከእጁ ወድቆ ቢሰነጠቅም ስብርባሪው ሳይበተን መቅረቱን በማስተዋሉ ነው፤ በዕቃው ውስጠኛ ገጽ ላይ ደርቆ የቀረ ስስ ኬሚካል ስብርባሪውን ይዞት ነበር። ዛሬም ሥራው ይኸው ነው። ድርብ መስታወት ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም፤ አሽከርካሪው መኪናውን እስኪያቆም ድረስም የተወሰነ እይታ ይተውለታል።

የጎንና የኋላ መስታወቶች በአብዛኛው በሙቀት የተጠናከሩ ናቸው፤ ሲመቱ በአንድ ጊዜ ወደ ትንንሽ ፍርፋሪ ይለወጣሉ። ቀደም ባሉት አሥርት ዓመታት በአውሮፓ ከተመረቱ መኪኖች አንዳንዶቹ ከፊት ለፊትም ይህ ዓይነት መስታወት ተገጥሞላቸው ወጥተዋል። እንዲህ ዓይነት አሮጌ መኪና ያለው ሰው መስታወት በሚቀይርበት ጊዜ «እንደ ድሮው» ብሎ ከማዘዝ ይልቅ ድርብ መስታወት ቢጠይቅ የተሻለ ነው። ለቤት መስኮት የሚሸጠውን መስታወት በልክ አስቆርጦ ከፊት ለፊት ማስገጠም ግን በማናቸውም ሁኔታ ተቀባይነት የለውም። ይህ መስታወት ሲሰበር ረጃጅምና ስለታም ስንጥር ስለሚሆን ጣራው ተገልጦ በሚሄድ መኪና ውስጥ ለፊትና ለአንገት አደገኛ ነው።

ጥራቱን ለመለየት በመስታወቱ አንድ ማዕዘን ላይ የታተመውን ምልክት መመልከት ይቻላል። በተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 43 መሠረት የተፈተነ መስታወት በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያመለክት ቁጥር ይኖረዋል፤ ለምሳሌ 1 ቁጥር የጀርመን ነው። ምንም ዓይነት ምልክት የሌለበት መስታወት ዋጋው ዝቅ ያለ ቢሆንም ምንነቱ የማይታወቅ ነው።

መጠገን ወይስ መቀየር

ስንጥቅ ሁሉ መቀየርን አይጠይቅም። ከሳንቲም ያልበለጠ፣ ከአሽከርካሪው ቀጥተኛ እይታ ውጭ የሆነና ከመስታወቱ ጠርዝ የራቀ ጠባሳ በልዩ ሙጫ ተሞልቶ ሊጠገን ይችላል። ጠርዝ ላይ የጀመረ ስንጥቅ ግን መርዘሙ አይቀርም። የአዲስ አበባ የአየር ጠባይም ይህን ያፋጥነዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ቀዝቅዞ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲበረታ መስታወቱ ይኮማተራል፣ ይለጠጣል። ጠዋት ላይ ጤዛ ለማስለቀቅ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ አነስተኛውን ስንጥቅ በደቂቃ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ሊያደርሰው ይችላል። የጥገና ጊዜ እስኪደርስ ጠባሳውን ንጹሕ በሆነ ግልጽ ፕላስተር ሸፍኖ ከአቧራና ከውሃ መጠበቅ ለጠጋኙ ሥራውን ያቀልለታል።

ጣራው የሚታጠፍ መኪና ልዩ ጠባይ

ባለ ጠንካራ ጣራ መኪና የላይኛው አካሉ እንደ ሣጥን የተያያዘ ነው። ጣራው የሚታጠፍ መኪና ይህ ሣጥን ስለሌለው በጉድጓድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ አካሉ ይበልጥ ይጣመማል። የፊት መስታወቱና ዙሪያውን የያዘው ብረት የጣራውን የፊት ጫፍ የሚሸከሙ፣ መቆለፊያው የሚያርፍባቸው፣ መኪናው ቢገለበጥም ለተሳፋሪው ራስ መጠነኛ መከላከያ የሚሆኑ ክፍሎች ናቸው። በመሆኑም «ጣራውን ከፍተን የምንሄድበት መኪና ስለሆነ ለጊዜው ያለ መስታወት ይሂድ» የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው። የዓይን ጉዳት ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ለአሽከርካሪው ዓይን አንድ ጠጠር ወይም አንድ ንብ ይበቃዋል።

ሌላው ችግር የልክ ነው። የአንድ ሞዴል ባለ ጣራና ተጣፊ ጣራ ዓይነቶች በስም አንድ ቢሆኑም የፊት መስታወታቸው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለረጅም ዘመን የታወቀው የቮልስዋገን ቢትል ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ተጣፊ ጣራው ቢትል በጀርመን ኦስናብሩክ ከተማ በካርማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ተመርቷል። የመጀመሪያዎቹ ዝርግ የፊት መስታወት ነበራቸው፤ ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስታወቱ ትንሽ እንዲጎብጥ ተደረገ፤ 1303 የተባለው ዓይነት ሲመጣ ደግሞ በግልጽ የጎበጠ ሆነ። ልዩነቱ ለባለንብረቱ ትልቅ ትርጉም አለው። ዝርግ ድርብ መስታወት ሙያውን በሚያውቅ ሰው በልክ ሊቆረጥ ይችላል። የጎበጠውን ግን በፋብሪካ ቅርጽ ከወጣለት በኋላ አስተካክሎ መቁረጥ ስለማይቻል ያለው አማራጭ ትክክለኛውን ማግኘት ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ መለዋወጫ ገበያ ከመሄድ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን፣ የምርት ዘመኑንና የአካሉን ዓይነት ከሊብሬው ላይ መዝግቦ መያዝ፣ አሮጌው መስታወትም አዲሱ እስኪገኝ ድረስ ለልክ እንዲያገለግል አለመጣል ይመከራል። የልደታ ነዋሪ ቅርቡ የመርካቶ ገበያ ሲሆን ሶማሌ ተራ በመለዋወጫ ንግድ የታወቀ ነው። እዚያ ያልተገኘውን ከውጭ ለማስመጣት የሚወስን ሰው መስታወት በባሕሪው በጭነት ላይ የሚሰበር ዕቃ መሆኑን፣ ከዋጋው በላይ የእንጨት ማሸጊያው፣ የማጓጓዣውና የጉምሩክ ክፍያው ሊበልጥ እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት አለበት።

በግዢ ጊዜ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ግዴታ ብቻ ሳይሆን ዋስትናም ነው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ ዕቃውን እንዲለውጥለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት መጠየቅ ይችላል። መስታወት ከሱቅ ሲወጣ በብርሃን ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ ሞገድ፣ አረፋና የጠርዝ ስንጥቅ አለመኖሩን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጋራዥ ከደረሰ በኋላ ግን ስንጥቁን ሻጩ ነው ወይስ ገጣሚው ያመጣው የሚለው ክርክር ማብቂያ የለውም።

በጋራዥ ውስጥ

አሮጌዎቹ መኪኖች መስታወታቸውን የሚይዙት በጎሚኒ ነው። አሮጌው ጎሚኒ ደርቆ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲስ መስታወት በእርሱ ማስገባት ገንዘብን ማባከን ነው፤ ሁለቱ አብረው ይቀየራሉ። በሥራው ጊዜ ጎሚኒው በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል፣ በከንፈሩ ውስጥ ጠንካራ ገመድ ይዞራል፣ የሳሙና ውሃ ይቀባል፤ ከዚያ አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ እየተጫነ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ በቀስ ሲስበው የጎሚኒው ከንፈር በብረቱ ላይ ይወጣል። በመዶሻ ወይም በካቻቢቴ አስገድዶ የሚያስገባ ሰው ካለ ሥራው እንዲቆም መጠየቅ ተገቢ ነው። መስታወቱ ሲነሳ ከሥሩ የሚታየው ላሜራ ዝገት ይኖረዋል ተብሎ ይገመታል። ዝገቱ ሳይጸዳና ቀለም ሳይቀባ የተገጠመ መስታወት በክረምት ያፈሳል፤ ዝገቱ ያበጠበት ቦታም መስታወቱን እየገፋ ያለምንም ምት እንዲሰነጠቅ ያደርገዋል።

በአዲሶቹ ሞዴሎች መስታወቱ በፖሊዩሬታን ማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል። ይህ ማጣበቂያ የሚጠነክረው ከአየር ላይ እርጥበት በመውሰድ ነው፤ ስለሆነም በበጋው ደረቅና ቀዝቃዛ ቀናት ከክረምቱ ይልቅ ሊዘገይ ይችላል። መኪናውን ማንቀሳቀስ የሚቻልበት ጊዜ በማጣበቂያው ማሸጊያ ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ባለንብረቱ ማሸጊያውን ራሱ ቢያነብ መልካም ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለመስኮት የሚሸጠው ሲሊከን የዚህን ማጣበቂያ ቦታ አይተካም። ማጣበቂያው እስኪጠነክር ድረስ ጣራውን አለማጠፍና አለመዘርጋት፣ በር ሲዘጋ የአየር ግፊቱ መስታወቱን እንዳይገፋው የጎን መስታወቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ፣ መኪናውንም በከፍተኛ ግፊት ውሃ አለማሳጠብ ያስፈልጋል። ከመስታወቱ ጀርባ የዝናብ መለያ ወይም ካሜራ ያለው መኪና ከሆነ እነዚህ እንደገና መስተካከል ይኖርባቸዋል።

ርክክቡ የሚደረገው ጣራው ተዘርግቶ፣ ተቆልፎ፣ ከላይ ውሃ ከፈሰሰበት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ተጣፊ ጣራ በብዛት የሚያፈሰው ከመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ጋር በሚገናኝበት መስመር ነው።

ቦሎና የመድን ስቲከር

በርካታ ባለጉዳዮች የሚዘነጉት ይህንን ነው። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ማረጋገጫ የሆነው ቦሎ፣ እንዲሁም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሚሰጠው የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር የሚለጠፉት በፊት መስታወቱ ላይ ነው። አሮጌው መስታወት ሲጣል አብረው ይጣላሉ። ባለንብረቱ በማግስቱ በትራፊክ ፖሊስ ሲጠየቅ በእጁ የሚያሳየው ነገር አይኖርም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ መስታወቱ ከመነሳቱ በፊት ሁለቱም ምልክቶች ቁጥራቸው በሚነበብበት ሁኔታ ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ የተለጠፉበት የመስታወት ክፍል ተቆርጦ ወይም ስቲከሩ ተልጦ ይቀመጣል። ከዚያም ባለንብረቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ሊብሬውን፣ መታወቂያውን፣ የጋራዡን ደረሰኝና የተጎዳውን ቦሎ ይዞ የመኪናው ፋይል ወደሚገኝበት የአዲስ አበባ ከተማ አሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ቅርንጫፍ ይቀርባል፤ ለመድን ስቲከሩ ደግሞ ውሉን ወደሰጠው መድን ድርጅት ይሄዳል። ቁራጩን ይዞ የሚቀርብ ሰው ጉዳይ «ጠፋብኝ» ከሚል ሰው ጉዳይ ይለያል። የዓመታዊ ምርመራው ጊዜ የቀረበ ከሆነ መስታወቱን ከምርመራው በፊት ማስቀየር ድርብ ምልልስን ያስቀራል።

ወጪው የማን ነው

የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና መስታወት አይሸፍንም፤ ሽፋኑ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው። ሙሉ የመድን ሽፋን ያለው ሰው መስታወቱን ከማስቀየሩ በፊት ለመድን ሰጪው ማሳወቅ፣ በውሉ ላይ የመስታወት ስብራት እንዴት እንደተጻፈና በራሱ የሚሸፈነው ተቀናሽ ስንት እንደሆነ ማየት አለበት። ተቀናሹ ከጥገናው ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ካሳ መጠየቁ ትርፍ የለውም። የመድን ድርጅቱ ባለሙያ ሳያየው የተጣለ መስታወት ግን ካሳውን አብሮት ሊያስጥል ይችላል።

መስታወቱን የሰበረው ሌላ ተሽከርካሪ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ኃላፊነቱ የዚያ ተሽከርካሪ ባለቤት ነው፤ የእርሱ የሦስተኛ ወገን መድንም በሕጉ ጣሪያ ልክ ለንብረት ጉዳት ይከፍላል። ከሕንፃ ላይ በወደቀ ዕቃ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ በአንቀጽ 2080 ተጠያቂ የሚሆነው ሕንፃውን የያዘው ሰው ነው። በሁለቱም ሁኔታ በቦታው ላይ ሆኖ ፖሊስ እንዲመዘግብ ማድረግ፣ የሰሌዳ ቁጥርና የምስክሮችን ስም መያዝ አስፈላጊ ነው። የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል።

አሮጌው መስታወት ልኩ ከተወሰደና መድን ድርጅቱ ካየው በኋላ በወፍራም ማዳበሪያ ተጠቅልሎ፣ ስባሪ መስታወት መሆኑ ተነግሮ ለቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ይሰጣል። ሳይጠቀለል የተጣለ መስታወት ቆሻሻውን በእጃቸው የሚያነሱትን ሠራተኞች ይቆርጣል።