ባሕር የተፋቸው እንግዳ ፍጥረታት ማንነታቸው እንዴት ይለያል?

በሜሪላንድ የምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ከባሕር ዳርቻ የራቀች ከተማ ናት። ሆኖም በዩናይትድ ስቴትስ ዳርቻዎች የሚወድቁ ዓሣ ነባሪዎችንና ሌሎች የባሕር አጥቢዎችን ጉዳይ የሚያስተባብረው የብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ክፍል ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዚያው ነው።

ሬሳ በባሕር ላይ ሲበሰብስ መልኩ ይለወጣል። አጥንቱ ይለያያል፤ ቅርጽ የለሽ፣ ነጣ ያለና ጠንካራ ግግር ሊቀር ይችላል። ባስኪንግ ሻርክ የተባለው ዓሣ ደግሞ መንጋጋው ቀድሞ ሲወድቅ፣ አንገተ ረጅም የጥንት አውሬ መስሎ ይታያል።

እ.አ.አ. በ1896 በፍሎሪዳ ሴንት ኦገስቲን አጠገብ የተገኘው ግዙፍ አካል ለዚህ ምሳሌ ነው። የዬል ዩኒቨርሲቲው አዲሰን ቬሪል በደረሰው መግለጫ ተመሥርቶ ግዙፍ ኦክቶፐስ ነው አለ። በ1897 ናሙናው ሲደርሰው ግን ሐሳቡን ለውጦ የዓሣ ነባሪ ቅሪት መሆኑን ገለጸ። ክርክሩ ከዚያ በኋላም ቀጠለ። በ1995 እና በ2004 የወጡ ጥናቶች ናሙናው የዓሣ ነባሪ ኮላጅን መሆኑን አረጋገጡ። በ2003 በቺሊ የተገኘው ግግርም በዘረ መል ምርመራ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ሆኖ ተገኝቷል።

እንዲህ ያለ ሬሳ ያገኘ ሰው በሽታ ሊተላለፍበት ስለሚችል በእጁ አይንካው፤ ውሻውንም ያርቅ። መጠኑን የሚያሳይ ነገር አጠገቡ ሳይነካ አስቀምጦ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቦ ለአካባቢው ባለሥልጣናት ያስታውቅ።