ሙከራና ኃይል፦ ስለ አንድ የውንብድና ይግባኝ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 2022 በአንድ የውንብድና ሙከራ ነገር የሰጠው ፍርድ፣ ሰው በጥይት የሞተበትን ጉዳይ ይዞ ተነሥቶ ስለ ጦር መሣሪያው የተጨመረውን የዐሥር ዓመት እስራት በመሻር ስለ ፈጸመ፣ ንባቡን ብቻ ለሚመለከት ሰው ከርትዕ ይልቅ ለጠበቃ ብልኀት ያደላ ይመስለዋል። እኔ ግን ፍርዱ የቀና ነው፣ ነቀፋም ካለ ነቀፋው የሚገባው የሙከራን ደጃፍ እጅግ አስፍቶ ለከፈተው ሥርዓት ነው ብዬ እከራከራለሁ።

የነገሩ መነሻ በ2003 በቨርጂኒያ የሆነ ነው። ተከሳሹ ማሪዋና እሸጥልሃለሁ ብሎ አንድ ገዢ ከቀጠረ በኋላ፣ ዕፁን ሰጥቶ ገንዘቡን በመቀበል ፈንታ ከግብረ አበሩ ጋር ሆኖ ሊቀማው ተማከረ፤ በተገናኙም ጊዜ ግብረ አበሩ ሽጉጥ አወጣ፣ ገዢውም እንቢ ቢል ተኩሶ መታውና ሞተ፣ ሁለቱም አንዲት ብር ሳይዙ ሸሹ። ዐቃቤ ሕግ የጠቀሰው ሁለት ሕግ ነው። ፊተኛው በ1946 የወጣው፣ በእንደራሴው በሆብስ ስም የሚጠራው ሕግ ሲሆን፣ በክፍላተ ሀገር መካከል የሚደረገውን ንግድ የሚጎዳ ውንብድናን፣ ሙከራውንና ለዚሁ ማደምን ጭምር፣ እስከ 20 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ኋለኛው ከ1968ቱ የጦር መሣሪያ ሕግ የመነጨ ሆኖ፣ «የኃይል ወንጀል» ሲሠራ መሣሪያ የያዘውን ሰው ቢያንስ 5፣ መሣሪያውን አውጥቶ ቢያሳይ 7፣ ቢተኮስ 10 ዓመት፣ ይህንም ከሌላው ቅጣት በላይ ተጨማሪ አድርጎ ይፈርድበታል። ተከሳሹ በአድማውና በመሣሪያው ክስ ጥፋቱን አምኖ የ30 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

«የኃይል ወንጀል» የተባለው ቀድሞ ሁለት ፍቺ ነበረው። አንዱ፣ በጠባዩ ለኃይል ሥራ የሚያጋልጥ ወንጀልን ሁሉ የሚያቅፈው፣ በ2019 ትርጉሙ አይጨበጥም፣ ከሕገ መንግሥቱም ጋር አይስማማም ተብሎ ወደቀ። የቀረው ፍቺ በሰው ወይም በንብረት ላይ ኃይል መጠቀም፣ ለመጠቀም መሞከር ወይም በኃይል ማስፈራራት ወንጀሉን ከሚያቋቁሙት ፍሬ ነገሮች አንዱ ሆኖ እንዲገኝ ግድ ይላል። በዚህ ፍቺ የሚፈርድ ዳኛ ተከሳሹ በዚያች ዕለት ያደረገውን ትቶ፣ የትኛውም ዐቃቤ ሕግ፣ በየትኛውም ጉዳይ፣ ወንጀሉን ለማስረዳት ምንጊዜም ሊያረጋግጠው የሚገባውን ብቻ ይመረምራል። ይህ ለሚያዝን ሕሊና የሚከብድ አመራመር ነው፤ ነገር ግን የሕጉ ቃል እንዲህ ካልተነበበ በቀር ትርጉም አይኖረውም።

ጥያቄው እንግዲህ የውንብድና ሙከራ በዚህ በቀረው ፍቺ የኃይል ወንጀል ይሆናል ወይ የሚል ነበር፤ ዳኛ ኒል ጎርሰች የብዙኃኑን ሐሳብ ሲጽፉ አዳም የሚባል ሰው በምሳሌ አመጡ። አዳም በሰፈሩ ያለውን ሱቅ ሊዘርፍ ያስባል፤ የሱቁን አቀማመጥና ጥበቃውን፣ ሣጥኑም በገንዘብ የሚሞላበትን ሰዓት ያጠናል፤ ፊቱን የሚሸፍንበትን ጭንብል ይገዛል፤ ወንድሙን መኪና ነጂ ያደርጋል፤ ለገንዘብ ተቀባዩ የሚሰጠውን የማስፈራሪያ ወረቀት ጽፎ ይይዛል፤ በልቡ ግን ማንንም ሊጎዳ አላሰበም። በቀጠሮው ቀን የሱቁን ደፍ ሲረግጥ ፖሊስ ያዘው። ወረቀቱ ለማንም አልደረሰ፣ ማንም አልደነገጠ፤ ሆኖም ወደ ወንጀሉ ፍጻሜ ጉልህ እርምጃ ስለ ተራመደ ሙከራው ተፈጽሟል፣ ቅጣቱም እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። እንግዲህ ያለ ኃይልና ያለ ማስፈራራት ሊፈጸም የሚችል ወንጀል ኃይልን የግድ ይዟል ሊባል አይችልም።

መንግሥት፣ በፍርድ ቤት የሚታዩት የውንብድና ሙከራዎች በብዛት ማስፈራራት ያለባቸው ናቸው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ይህን አልተቀበለም፤ ሕጉ የሚጠይቀው በብዛት የሚሆነውን ሳይሆን የግድ የሚሆነውን ነውና።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1927 የኒው ዮርክ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የአራት ሰዎችን ጉዳይ አይቶ ነበር፤ ከነርሱ ሁለቱ መሣሪያ ታጥቀው፣ 1,200 ዶላር ያህል የሠራተኞች ደመወዝ ከባንክ ያመጣል ያሉትን ሰው በመኪና ሆነው ከሥራ ቦታ ወደ ሥራ ቦታ ሲፈልጉ ሳያገኙት ተይዘው ነበርና። ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሶቹን ካመሰገነ በኋላ፣ የሚዘረፈው ሰው ባልተገኘበት ድርጊቱ ለፍጻሜው አልቀረበም ብሎ የይግባኝ ባዩን ጥፋተኝነት ሻረ፤ ይግባኝ ያላሉት የሦስቱም ነገር ለገዢው እንዲቀርብ አሳሰበ፣ ይህም ለዳኞቹ ልብ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። የፌዴራሉ ሥርዓት ግን ይህን ጥብቅ ቀኖና ትቶ ጉልህ እርምጃ ይበቃል በማለቱ ወንበዴውን ከደፉ ላይ፣ ከዚያም በፊት፣ ለመያዝ ቻለ። ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ዋጋውንም በ2022 ከፈለ። ሙከራን ከኃይል በፊት እንዲፈጸም ያደረገ ሕግ፣ ተመልሶ ያንኑ ሙከራ በኃይል የተሞላ ነው ብሎ ዐሥር ዓመት ሊጨምርበት አይገባውምና።

ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በልዩነት ሐሳባቸው፣ ሰው በተተኮሰበት ጉዳይ የኃይል ወንጀል የለም ማለት ከእውነት መራቅ ነው፣ መታየት ያለበትም ተከሳሹ በእርግጥ ያደረገው ነው አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል፤ መፍትሔው ግን የሚገኘው በኮንግሬስ ብዕር ነው፣ ዳኛ ያልተጻፈውን አንቀጽ ሊያነብ አይችልምና። ዳኛ ሳሙኤል አሊቶም ለብቻቸው ተቃወሙ።

በሰባት ድምፅ በሁለት ተቃውሞ የሪችመንዱ ፌዴራላዊ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጸና፤ በዚያም መሠረት በመሣሪያው ክስ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድና የዐሥር ዓመቱ ቅጣት ተሻረ፣ በአድማው የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ ግን እንደ ቆመ ቀረ፣ ተከሳሹም ቅጣቱ እንደ ገና ይወሰን ዘንድ ወደ ሥር ፍርድ ቤት ተመለሰ።