ከኦፔሬታ መድረክ ወደ ዳንስ አዳራሽ

ካድሪል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከተሞች እጅግ የተወደደ የአዳራሽ ጭፈራ ነው። አራት ጥንዶች በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ቆመው፣ ቦታ እየተለዋወጡ ይጨፍሩታል። በቪየና ልማድ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ ፓንታሎን፣ ኤቴ፣ ፑል፣ ትሬኒ፣ ፓስቱሬልና ፊናል ይባላሉ።

ሬዲዮም ሸክላም ባልነበረበት በዚያ ዘመን የቴአትር ዜማ ወደ ሕዝቡ የሚደርሰው በዳንስ ሙዚቃና ለፒያኖ በሚታተም ኖታ ነበር። ስለዚህ አንድ ኦፔሬታ (ቀለል ያለ የዘፈን ቴአትር) ሲወደድ ዜማዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ለካድሪል ይቀናበሩ ነበር። ታናሹ ዮሐን ሽትራውስ ከኦፈንባክ ኦፔሬታ “ኦርፌዎስ ካድሪል”ን አቀናብሯል። “የሌሊት ወፍ” የተባለው የራሱ ኦፔሬታ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1874 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይም፣ ከዜማዎቹ “የሌሊት ወፍ ካድሪል”ን ሠራ፤ በሥራዎቹ ዝርዝር 363ኛው ነው።

ቅንብሩ ጥበብ ይጠይቃል። ግጥሙ ይቀራል፤ ዜማው በስምንት በስምንት ባር ይቆረጣል፤ ምቱም ለጭፈራው እርምጃ እንዲመች በሁለት አራተኛ ወይም በስድስት ስምንተኛ ይሰፈራል።

በአዲስ አበባ ጉዞው በተቃራኒው ሆነ፤ የሕዝቡ ዘፈን ወደ መድረክ ወጣ። ለዚህ መንገዱ የተጠረገው ቀደም ብሎ ነበር፤ ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያው ንጉሥ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ላከ። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከሙዚቃ መምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ገቡ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ የመጀመሪያውን ተውኔት “ዳዊትና ኦርዮን”ን ያዘጋጀውም ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዙልቬከር ነበር። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚሁ ቴአትር የአገር ባህል ዜማዎችን ለኦርኬስትራ አቀናበረ። በክራርና በማሲንቆ ይሰማ የነበረው ዜማ ለትራምፔት፣ ለሳክስፎንና ለቫዮሊን ድምፅ ተከፋፈለ።

ሽትራውስ የተወደደ ዜማን ለጨፋሪ እግር ሲያመቻች፣ ነርሲስ የተወደደ ዜማን ለብዙ መሣሪያ አመቻቸ። ሁለቱም የሠሩት የአቀናባሪን ሥራ ነው። የሽትራውስ ስም በኖታው ላይ ታትሞ ቆይቷል፤ የአገራችን አቀናባሪዎች ስምም ከዘፋኙና ከዜማ ደራሲው ስም ጎን ሊጻፍ ይገባል።